ሻምበል አበበ ቢቂላ ከሩጫው በኋላ



እንደምታውቁት በእድር ስብሰባ ላይ ሞት ሳይነሣ አይዋልም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ንፍሮው፣ መቃብር ቆፋሪው፣ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ቀብር የቀረ ሰው የሚከፍለው መቀጫ፣ ይህ ሁሉ በደንባችን ላይ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። በአንድ ስብሰባችን ላይ ግን አንድ አባላችን እጃቸውን አነሡና «የሞተውንስ እንቀብራለን፤ አልጋ ይዞት የቀረውን ማን ይየው?» ሲሉ ጠየቁ። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሒሳብ ሪፖርት ተሻገርን።

ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቤቴ ድረስ መጣ። ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሰው ነው፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ። ሁላችንም እናውቀዋለን ስል ግማሹን ማለቴ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ከደባርቅ እስከ ዳባት የማያውቅ ልጅ የለም። በሕይወቱ የመጨረሻዎቹ አራት ዓመት ተኩል ግን ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠረጴዛ ቴኒስ ራኬት ይዞ፣ ቀስት ገትሮ መወዳደሩን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚያኛው አበበ ነው። ይሁንና የኋለኛው ያለ ፊተኛው ስለማይገባ ከመነሻው ልጀምር።

ወታደሩ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እንደ ብዙው የባላገር ልጅ ከብት ሲጠብቅ አደገ፤ ጎልማሳ ሲሆን አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ሩጫን እንደ ሙያ የያዘውም እዚያው ነው። አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ በሩጫ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል።

የደጋ ሰው ሯጭ የሚወጣው ለምንድን ነው ለሚለው፣ የእኛው አገር ምስክር ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሰውነት ይህን ለመቋቋም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፣ ደምም አየር የመሸከም ኃይሉ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ሲሮጥ የሚያገኘው አየር ትርፍ ይሆንለታል ማለት ነው። ታዲያ ደጋ መወለድ ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ልፋቱም አለ እንጂ።

በዚያ ዘመን የኦሎምፒክ ሯጭ በሩጫው ደመወዝተኛ መሆን አይፈቀድለትም ነበር። የሜዳ ቴኒስ ታላላቅ ውድድሮች እንኳ ለደመወዝተኛ ተጫዋቾች በራቸውን የከፈቱት በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ሩጫ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ አበበ ዓለምን ሲያስደንቅ የሚበላው የወታደር ደመወዙን ነበር። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የጳጉሜን 5 ማታ

የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ለእኛ የአዲስ ዓመት ዋዜማ መሆኑ ነው። ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በሌሊት ስላለቀ መንገዱ የበራው በችቦ ነበር። አበበ የተሰጠው ጫማ እግሩ ላይ ስላልተመቸው እንደለመደው በባዶ እግሩ ተነሣ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጡ ቆይተው፣ ወደ መጨረሻው ላይ ጥሎት ወጣ። ጥሎት የወጣውም የአክሱም ሐውልት በቆመበት አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ወስዶ ሮም ላይ የተከለው ያ ሐውልት ማለት ነው። ሊማሊሞን ወርደን ተከዜን ተሻግረን የምንደርስባት አክሱም ሐውልቷን ያገኘችው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያን ማታ ግን ሐውልቱ በሰው አገር ቆሞ የአገሩን ልጅ ባዶ እግር አየ።

2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ፤ ለኢትዮጵያም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ። ሁለተኛው ሞሮኳዊ የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያነሣውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ በኋላ ስምንት ቀን ሳይሞላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ እዚያችው ሮም ላይ ሌላ ውድድር ተከፈተ። 400 የሚሆኑ አካል ጉዳተኞች ከ23 አገሮች ተሰባስበው በባለ ጎማ ወንበር ቀስት ወረወሩ፣ ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ ገጠሙ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው የመጀመሪያው እሱ ነው። አንዱ ጨዋታ ለሚሮጥ፣ አንዱ ለማይቆም፤ ከተማውም ወሩም አንድ። አበበ አንድ ቀን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው እንደሚሻገር ያን ጊዜ ማን ያስባል?

ቶኪዮ፣ መኪናዋ፣ ሜክሲኮ

ከአራት ዓመት በኋላ አበበ ቶኪዮ ሲሄድ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ከወር ብዙም አልዘለለም። «አይችልም» ተባለ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አጥልቆ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ይኸም የዓለም ክብረ ወሰን ነው። ተከታዩ እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲደርስ፣ እሱ ሣሩ ላይ ጀርባውን አስተኝቶ እግሩን እያነሣ እያወረደ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማዕረግ ጨመሩለት፤ ነጭ ቮልስዋገን መኪናም ሸለሙት።

ሜክሲኮ ላይ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ እግሩ ታምሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ባንዲራውን ግን መሬት አልነካውም፤ ማሞ ወልዴ ተቀብሎ አሸነፈ። ማራቶን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የኢትዮጵያ ሆነ። አበበም የሻምበልነት ማዕረግ አገኘ።

መጋቢት 13

ሜክሲኮ ካለፈ ገና አምስት ወሩ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት አበበ ያችን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ከእጁ ወጥታ ተገለበጠች። እውስጧ ተጣብቆ አደረ፤ ሰው ያወጣው በማግስቱ ነው። በክብር ዘበኛ ሆስፒታል ሲታይ ጉዳቱ አንገቱ ላይ፣ ኅብለ ሰረሰሩ ላይ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ሁለት ጊዜ ዓለምን የቀደሙት እግሮች ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም።

በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ወሰዱት፤ እዚያም ስምንት ወር ተኛ። ከዓለም ዙሪያ ደብዳቤ ጎረፈለት፤ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ ጠየቁት።

ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት ልበል፤ ለእኛም ይጠቅማልና። በ1936 ዓ.ም. ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ከናዚ ጀርመን የተሰደደ ሐኪም እዚያ የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍል ከፈተ። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይቆይም ነበር። የሚገድለው ግን ስብራቱ ራሱ ሳይሆን ከስብራቱ በኋላ የሚመጣው ነው። አንዱ የአልጋ ቁስል፣ ሌላው የሽንት መመረዝ። ጉትማን ያመጣው ዋና ነገር የረቀቀ መድኃኒት አልነበረም። በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይገላበጥ አለ፤ ሽንቱ በንጽሕና ይያዝ አለ፤ ቀጥሎም «ተኝቶ መዋል የለም፤ ሥራ ይሰጠው፣ ጨዋታ ይጫወት» አለ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የሎንዶን ኦሎምፒክ በተከፈተባት ዕለት፣ 16 በሽተኞቹን ሆስፒታሉ ግቢ አሰልፎ ቀስት አወራወረ። ሮም ላይ ያየነው ውድድር የበቀለው ከዚህ ነው።

ራኬትና ቀስት

የአበበ እጆች ቀስ በቀስ ተመለሱለት። ሐምሌ 1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል ውድድር ላይ ቀርቦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ።

የጠረጴዛ ቴኒስ፣ በከተማችን አነጋገር ፒንግፖንግ፣ ለቆመ ሰው ቀላል ይመስላል። በተሽከርካሪ ወንበር ግን ሌላ ነገር ነው። ጠረጴዛው ያው 2.74 ሜትር ርዝመት፣ መረቡም ያው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ነው፤ ለጉዳተኛ ተብሎ አይቀነስም። ከወገብ በታች የማይታዘዘው ሰው የሆዱና የጀርባው ጡንቻ ስለማይዘው ወደ ኳሷ ሲንጠራራ በአፍጢሙ ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ ብዙዎቹ በአንድ እጃቸው ወንበሩን ይዘው በሌላው ይመታሉ። ጣቱ የማይጨብጥለት ራኬቱን በፋሻ እጁ ላይ ያስራል። ሯጭ ልቡንና እግሩን ያሠለጥናል፤ ይህ ግን ዓይንን፣ ክንድንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። አበበ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሰው ሆኖ፣ የዓለም አንደኛ ሆኖ ኖሮ፣ እንደ ተማሪ ከሀ ጀመረ። ትልቁን የሜዳ ቴኒስ በወንበር መጫወት የተጀመረው በ1968 ዓ.ም. አሜሪካን አገር ነው፤ እዚያ ጨዋታ ላይ ኳሷ ሁለት ጊዜ እንድትነጥር ይፈቀዳል። አበበ ለዚያ አልደረሰም፤ በእሱ ጊዜ የነበረው የጠረጴዛው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1963 ዓ.ም. በፈረንጆች ሚያዝያ፣ ኖርዌይ ላይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ተጋበዘ። የጠሩት ለክብር እንግድነት ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ ማየቱን አልወደደም መሰለኝ፤ ቀስቱንም የጠረጴዛ ቴኒሱንም ተወዳደረ። ይባስ ብሎ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር ገብቶ አሥራ ስድስት ሆነው የተሰለፉበትን አሸነፈ። በረዶ በስሜን ተራራ ራስ ላይ ከሩቅ ለምናይ ሰዎች እንኳ ይህ ነገር ያስደንቃል።

አበበ ስለ ዕጣው ሲጠየቅ ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ፣ አንደኛውን እንደተቀበለ ሌላውንም እንደሚቀበል ይናገር ነበር። እኛም ለቅሶ ቤት «የእግዜር ሥራ ነው» እንላለን። ልዩነቱ ግን አለ፤ እሱ ይህን ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተኛም።

በሙኒክ ኦሎምፒክ፣ ነሐሴ 1964 ዓ.ም.፣ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነበር፤ ከሮም ማታ ልክ አሥራ ሁለት ዓመት። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸንፎ ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ሄዶ የአበበን እጅ ጨበጠ። የእኛው ማሞ በአርባ ዓመቱ ሦስተኛ ወጥቷል።

ጥቅምት 15

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ ከዚያው አደጋ በመነጨ የአንጎል ደም መፍሰስ ዐረፈ። ዕድሜው 41 ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስና አራት ልጆች ቀሩ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር በመንግሥት ሥርዓት ሲቀበር 65,000 የሚገመት ሰው ወጥቷል፤ የሐዘን ቀንም ታውጇል። ነፍሱን ይማርልን።

እኛ የእድር ሰዎች በቀብር ሰው ብዛት እንፈርዳለን። «እንዴት ያለ ቀብር ነበር!» ማለት ትልቅ ምስጋናችን ነው። እኔ ግን ይህን ታሪክ ሳገላብጥ የገረመኝ 65,000ው አይደለም። እነዚያ አራት ዓመት ተኩል ናቸው።

ለእኛ የሚሆነው

አበበን ምን አኖረው? ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ አያያዙን የሚያውቅ ሐኪም ቤት ደረሰ። ሁለተኛ፣ ለቀሩት እጆቹ ሥራ ተገኘላቸው። ሦስተኛ፣ ሰው አልተወውም። ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኋችሁ እዚህ ይመጣል። አበበ ወታደር ስለነበር ሠራዊቱ አለለት፣ ስመ ጥር ስለነበር ንጉሡም ዓለሙም አዩት። ከገደል የወደቀ እረኛ፣ ሊማሊሞ ላይ ከጭነት መኪና የተወረወረ ረዳት፣ ከጣራ የወደቀ አናጢ ምን አለው? ወታደርም አይደል፣ ስሙም በራዲዮ አይጠራ። ያለው እኛ ነን፤ እኛም ያለነው ለቀብሩ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ!

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የምትሉ አላችሁ፤ ትክክል ነው፣ የእድር ሣጥን ጥልቅ አይደለም። ግን እስቲ የጉትማንን ሥራ መልሳችሁ ተመልከቱት። በሽተኛን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ብር አይጠይቅም፣ ሰው ይጠይቃል። አንዲት ሚስት ለብቻዋ ሌሊቱን ሙሉ አትችለውም፤ ስድስት ጎረቤት በተራ ግን ይችሉታል። እኛ ደግሞ ሌሊት መነሣትን፣ ተራ መግባትን፣ ቀሪን መቅጣትን ከማንም በላይ እናውቅበታለን። ሙያው አለን፤ ያዋልነው ለሞት ብቻ ሆነ እንጂ።

አሸካከሙም እንደዚሁ። ለወደቀ ሰው ስንደርስ በድንጋጤ እጅና እግሩን ይዘን አንጠልጥለን እንሮጣለን። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ እንደሆነ ይህ የቀረውንም ይበጥስበታል። ራሱ፣ አንገቱና ወገቡ በአንድ መስመር ሳይታጠፉ፣ ብዙ ሰው ሆኖ ባንድ ጊዜ እንደ ግንድ አንከባሎ፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም በደንብ የተወጠረ ቃሬዛ ላይ ማድረግ ነው። ጭንቅላቱን አንድ ሰው ይያዝ፤ ሌላ ሥራ አይሥራ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። እድራችን ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን አንድ ጠንካራ ቃሬዛና አቅም ሲፈቅድ በውሰት የሚሰጥ ባለ ጎማ ወንበር ይኑረው። አልጋ የያዘው አባል ቤት በተራ የሚገባ ሰው በደንባችን ይመደብ፤ የቀረም እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። የስብሰባ ቤታችን ደጃፍም ደረጃው በአፈርና በድንጋይ ይደልደል፤ ወንበር ላይ ያለ ሰው ውጭ ቀርቶ በመስኮት አይስማን።

ይህን ምጽዋት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። በ2004 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ ወንድዬ ፍቅሬ እንደልቡ በ1,500 ሜትር ብር አምጥቶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳልያ አስገኘ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ ትዕግስት ገዛኸኝ የመጀመሪያውን ወርቅ አመጣች። የት? አበበ ጫማ አጥልቆ በሮጠባት በቶኪዮ። እነዚህ ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ቢሆን ኖሮ ማን ያውቃቸው ነበር? በእኛስ ሠፈር ከመጋረጃ ጀርባ ማን እንዳለ እናውቃለን?

ያ አባላችን ጥያቄ ካነሡ ወዲህ እኔም አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ በደጁ አልፌ ያልገባሁበት ቤት ነው። «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ደነገጡ፤ እድርተኛ ያለ ሞት እንደማይመጣ ያውቃሉና። ማንም አልሞተም አልኳቸው። ቡና ተፈላ።

እግዚአብሔር እድራችንን ያቆይልን፤ ሥራችንንም ለሕያዋን ያድርግልን።